መልኩ የኔል፣ ድምፁ የማን?

ለንደን፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1949

ለእናቴ ምትክ ለሆንሽኝ ለአክስቴ ለቤላ፣ በጆሮው አይቶ ለሚያውቀኝ ለአጎቴ ለራልፍ፤

ክፉ ወሬያችሁን አያሰማኝ፤ ባሕሩም ለወደባችን ለሺልድስ ጀልባዎች ጸጥ ይበል። እኔ ደህና ነኝ።

ፈረምኩ! የሰባት ዓመት ውል ነው። የፊልም ስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ፔልሃም ይባላል። የገባሁ ዕለት ለገበያ እንደቀረበ ፈረስ ዙሪያዬን ዞሮ አየኝና፣

“ፊትሽን ካሜራው ወዶታል። ስምሽ ግን አይሆንም” አለኝ።

“ስሜ ምን አደረገ?”

“ኔል ዶድስ ሲሉት የአሣ ሻጭ ስም ይመስላል።”

“ተሳስተዋል ጌታዬ። ሻጭ አልነበርኩም፤ የአሣ ሆድ ዕቃ አውጪ ነበርኩ” አልኩት።

ጸሐፊዋ ሳቀች፤ እሱ ግን ፍንክች አላለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ክላሪስ ቬን ሆኛለሁ። ክላሪስ ብለው ሲጠሩኝ አሁንም ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው እፈልጋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ሚስ ላቲመር የምትባል የአነጋገር አስተማሪ አለችኝ። በጥርሴ መካከል የጠርሙስ ቡሽ አስነክሳ ጮክ ብዬ እንዳነብ ታደርገኛለች። “ልጄ፣ ማዕበል ውስጥ ሆና ሰው የምትጣራ ሴት አትምሰይ” ትለኛለች። እኛ አገር ታዲያ ቀስ ብሎ የተናገረን ማን ሰምቶት ያውቃል? ቢሆንም እማራለሁ። መንጋጋዬ እስኪዝል ድረስ እነክሳለሁ።

አክስቴ፣ ስወጣ በሩ ላይ ቆመሽ “ለገና ሻንጣሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ” ያልሽኝን አልረሳሁም። ቂም ይዤ አይደለም። ግን አልመለስም።

የምትወዳችሁ ኔል


ሰሜን ሺልድስ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1949

ወንድሜና ሚስቱ ባለፉ ጊዜ እግዚአብሔር በእጄ ላኖራት ለኔል፤

ጌታ ከለንደን ጭጋግና ከለንደን ወንድ ይሰውርሽ። እኛ እንዳለን አለን። የሄሪንግ አሣው ወቅት ስላለፈ እጄ ከጨው አርፏል፤ አሁን አሣው በጢስ በሚደርቅበት በማጨሻው ቤት ነው የምውለው። ታጥቤ ወጥቼም ቢሆን የሰፈሩ ድመት ሁሉ ይከተለኛል።

ፖስተኛው ከፖስታው ጀርባ ያለውን ስም አንብቦ “ክላሪስ ቬን ጽፋልሻለች። ቤላ፣ ደግሞ ከመኳንንት ጋር መዋል ጀመርሽ?” አለኝ። “አዎ፣ አሣ ስቀድ አብራኝ ነበረች” አልኩት።

ራልፍን ታውቂዋለሽ፤ ያ የባሕር ፈንጂ ዓይኑን ካጠፋው ወዲህ ሰው ማለት ለእሱ ድምፅ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብለት “እንዲህ አይደለም። አንቺ ስታነቢው የአንቺ ወሬ ይመስላል። እንደ እሷ አድርገሽ አንብቢው” አለኝ።

“እንደ እሷ እንዴት ነው?”

“መጨረሻው ላይ ከፍ አድርጊው፤ ጠብ እንደምትፈልግ።”

እንግዲህ በስተርጅናዬ እኔም ተዋናይ ሆኜልሻለሁ።

ስለ ገና ያልኩትን አልክድም። ተመለሺ ማለቴ ነበር፤ አፌ ትመለሻለሽ አለ። ከቆየሽ ግን ቆዪ። ጎረቤታችን ፔጊ ታሎክ ፎቶግራፍሽን ከነፊርማው ትፈልጋለች። በየትኛው ስም እንደምትፈርሚ አንቺ ታውቂያለሽ።

አክስትሽ ቤላ


ለንደን፣ ማርች 30 ቀን 1951

መልካሙን ሁሉ ለምመኝላቸው ለአክስቴና ለአጎቴ፤

ይህ ጸደይ ከሳል ያውጣችሁ። ብዙ ስለዘገየሁ አትቀየሙኝ፤ ሥራው ነው። እስካሁን ትሪ ይዛ የምትገባ፣ ትሪ ይዛ የምትወጣ ሴት ነበርኩ። አሁን ግን ዋናውን ድርሻ ሰጡኝ። የባላባት ልጅ ነኝ፤ የአባቴን ርስት ለማዳን የማልወደውን ሰው ላገባ ነው። ፈረስ መጋለብም ተማርኩ። አንድ ቀን ፈረሱ ጥሎኝ ክንዴ በለዘ፤ ቀረጻው እንዳይቋረጥ ረጅም እጅጌ አልብሰውኝ እንደገና ወጣሁበት። ሁለተኛ ጊዜ ሊጥለኝ አልቻለም።

ፊልሙ በሜይ ወር ሺልድስ ይደርሳል ብለውኛል። የፔጊን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ፤ በሁለቱም ስም ፈርሜበታለሁ።

አክስቴ፣ አንድ ነገር። አጎቴን ይዘሽው ባትሄጂ ይሻላል። ሲኒማ ቤቱ የሲጋራ ጢስ ይበዛበታል፤ ለደረቱ አይሆነውም። ፊልሙም ቢሆን አብዛኛው የሚታይ ነው፤ ፈረስ ነው፣ ቀሚስ ነው፣ መናፈሻ ነው። አንቺ አይተሽ ብትነግሪው ይበቃል። እባክሽ።

እዚህ ዝናብ ነው።

ኔል


ሰሜን ሺልድስ፣ ሜይ 27 ቀን 1951

ለኔል፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ምርቃቱ ይቆየን።

አጎትሽን አትውሰጂ ብለሽ ነበር። ሄደ። “ልጄ የምትናገር ከሆነ ጢስ አይደለም እሳት ውስጥም እገባለሁ” ብሎ የሰርጉንና የቀብሩን ሙሉ ልብስ ለበሰ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ፔጊማ ፎቶግራፍሽን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው የመጣችው።

መብራቱ ጠፋ። ብቅ አልሽ። በዚያ ነጭ ቀሚስ ደረጃውን ስትወርጂ፣ ያሳደግኩሽ እኔ እንኳ አፌን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ተናገርሽ።

ራልፍ በጆሮዬ “ይቺ ደግሞ ማናት?” አለኝ።

“ዝም ብለህ ስማ” አልኩት።

“እየሰማሁ ነው። ኔል መቼ ነው የምትመጣው?”

ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ጥርስሽ፣ ስትናገሪ ወደ ላይ የሚነሳው ያ የግራ ቅንድብሽ፣ ሁሉም አንቺ ነሽ። ድምፁ ግን እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ነው። ተምራ ነው እንዳልል፣ ድምፅሽን ከአራስነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጉንፋን ይዞሽ እንኳ አይጠፋኝም።

“ቤላ፣ ልጅቷ እስካሁን አልመጣችም?” አለ ደግሞ፤ አሁን ጮክ ብሎ። ከኋላችን “እሽሽ!” አሉን።

“አሁን የምትናገረው እኮ እሷ ናት።”

“እሷ አይደለችም።”

“እሷ ናት እያልኩህ! በዓይኔ እያየኋት!”

“እኔም በጆሮዬ እየሰማኋት ነው” አለና ከዘራውን በሁለት እጁ ጨብጦ እስከ መጨረሻው ድረስ ቁጭ አለ። ራትም አልበላም። ጫማውን ሲያወልቅ ብቻ “ለዕውር ሰው እንዴት ይዋሻል?” አለ። እኔን ይሁን አንቺን፣ አልጠየቅኩትም።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ መልስ ነው። ድምፅሽ የት ሄደ?

ቤላ


ለንደን፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1951

ለአክስቴ ለቤላ፣ ለአጎቴ ለራልፍ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ ከበር ላይ ባትመልሱት። በጋውን ሙሉ እየጻፍኩ ስቀድ ከረምኩ። የምሰጣችሁ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

ቀረጻው ላይ ሁሉንም የተናገርኩት እኔው ነበርኩ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደ ስቱዲዮ ጠሩኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከመስታወት ጀርባ አንዲት ሴት ማይክሮፎን ፊት ቆማለች፤ ከንፈሬን እያየች የእኔን ቃል ትናገራለች። ስትወጣ “አዝናለሁ፤ ለእኔም እንጀራዬ ሆኖ ነው” ብላ እጄን ጨበጠችኝ። እሷን አትጥሉብኝ። ሚስተር ፔልሃም ግን “ፊትሽ ከመንግሥተ ሰማያት፣ አፍሽ ከአሣ ወደብ። ሁለቱን አንድ ላይ አልሸጥም” አለኝ። ክፉኛ ደነገጥኩ። ለእናንተ ልጽፈው እያልኩ ቃሉ እጄ ላይ ይደርቅብኝ ነበር።

በዚህ ሳምንት የሚቀጥለውን ፊልም ሰጠኝ። ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

“በድምፄ ነው ወይስ በሰው ድምፅ?”

“ክላሪስ፣ ይህን ነገር ጨርሰነዋል።”

“እርስዎ ጨርሰውት ይሆናል፤ እኔ ገና ልጀምረው ነው። ድምፄ ከሌለበት ፊቴም የለበትም።”

“ሚስ ላቲመር እንኳ ልትገራው ያልቻለችውን አንደበት—”

“ሚስ ላቲመር ገርታዋለች። ይስሙት” ብዬ የባላባቱን ልጅ ረጅም ንግግር ምንጣፉ ላይ ቆሜ ተወጣሁት። አንዲት ቃል አልተንጋደደችም። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣

“ጥሩ ነው። ግን አሁንም ከየት እንደመጣሽ ይታወቃል” አለኝ።

“ይታወቅ!”

ያኔ ውሉን ከመሳቢያው አወጣ። ሥራ እምቢ ካልኩ ደመወዝ የለም። ለሌላ ኩባንያ ፊልም መሥራትም አልችልም። ታግጄ የቆየሁበት ጊዜ ደግሞ ውሉ ማብቂያ ላይ ይጨመራል። “ሕዝብ ፊት ቶሎ ይረሳል” አለኝ። ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ።

እንግዲህ ታግጃለሁ፤ ስንት ዓመት እንደሚሆን አላውቅም። አጎቴ፣ “እሷ አይደለችም” ያልከው ልክ ነህ። ማንም እንዳያታልልህ።

ኔል


ሰሜን ሺልድስ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1951

ለልጃችን ለኔል፤

ያስቀረሁብሽን ምርቃት አሁን ልስጥሽ። ጠላትሽ ከእግርሽ ሥር ይዋል፤ መንገድሽ ይቅና፤ ጉልበትሽ አይዛል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ነይ። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፤ አሣ ማጨሻው ቤትም ሰው ይፈልጋሉ። ማንም አይስቅብሽም፤ የሚስቅ ከተገኘ ለእኔ ተዪው። ፔጊ እንኳ ፎቶግራፍሽን ከግድግዳዋ አላወረደችም።

ከዚህ በታች ያለው የራልፍ ነው። እሱ ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ቃል እንዳልለውጥ አስምሎኛል።

“ኔል፣ አትምጪ። ማዕበል የመለሰው ጀልባ አያፍርም፤ እኔም ተመልሼ አውቃለሁ። አንቺን የመለሰሽ ግን ማዕበል አይደለም፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ነው። ለእሱ ብለሽ እንዳትመለሺ። ከራበሽ ቤላ አሣ ትልካለች።”

እኔ መቼ እልካለሁ አልኩ? ግን ልኬያለሁ። ፖስታ ቤቱን በአሣ ሽታ አጥኜው ወጣሁ። ተቀባይዋን ክላሪስ ቬን ብዬ ጽፌበታለሁ፤ እሷ ትፈርበት።

ቤላ


ኦልድሃም፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1953

ለሁለታችሁም፣ ለምወዳችሁ፤

የክረምቱ ብርድ ከአጥንታችሁ ይራቅ። አድራሻዬ በየጊዜው ስለሚቀያየር ደብዳቤያችሁ ከኋላዬ ሲሮጥ ከርሞ ትናንት ያዘኝ።

ውሉ ስለ ፊልም እንጂ ስለ መድረክ አይናገርም። ስለዚህ ከአንድ የቴአትር ቡድን ጋር ከከተማ ከተማ እዞራለሁ። በየሳምንቱ አዲስ ቴአትር ነው፤ ማታ አንዱን እየተጫወትን ቀን የሚቀጥለውን እናጠናለን። ባለፈው ሳምንት ነፍሰ ገዳይ ነበርኩ፣ በዚህ ሳምንት ጥርስ የሌላት አሮጊት። የምናድርበት ቤት አከራይ የድንጋይ ከሰሉን ከመድኃኒት አሳንሳ ነው የምትሰጠን። እጄና እግሬ በብርድ አብጧል። ቢሆንም እንዲህ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም።

ክላሪስ ቬን የሚለው ስም የእኔ ነው ብሎ ስቱዲዮው ከለከለኝ። ደስታዬን ብታዩት! ማስታወቂያው ላይ ኔል ዶድስ ተብዬ ወጥቻለሁ፤ ከሁሉም በታች፣ በጉንዳን ፊደል።

እዚህ ሰገነቱን የሚሞሉት የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ካልሰሙሽ “ከሆድሽ አውጪው፣ እመቤት!” ይሉሻል። እኔም አወጣሁት። ሚስ ላቲመር ያስተማረችኝንም አልጣልኩትም፤ ባላባት ስሆን እጠቀምበታለሁ። ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ የምመርጠውም እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ወር ለእናንተ ቅርብ ወደ ሆነችው ወደ ኒውካስል እንመጣለን። ድርሻዬ ትንሽ ናት፤ ወለል የምትወለውል ሴት። ባልዲ ይዤ እገባለሁ፣ ጥቂት አጉረመርማለሁ፣ ባልዲዬን ይዤ እወጣለሁ። አክስቴ፣ አጎቴን ይዘሽልኝ ነይ።

ኔል


ሰሜን ሺልድስ፣ ማርች 17 ቀን 1953

ለኔል፤

ያየሁሽ ቅዳሜ ነው፤ ገና ሳትናፍቂኝ መጻፌ ይግረምሽ። እግዚአብሔር ሥጋ ይጨምርልሽ፤ አጥንትሽ ወጥቷል።

ከመድረክ ሆነሽ ያላየሽውን ልንገርሽ ብዬ ነው። ባልዲውን ገጭ አድርገሽ “እዚህ ቤት እግሩን ጠርጎ የሚገባ ክርስቲያን ጠፋ?” ስትዪ፣ ራልፍ ክንዴን ያዘኝ። እስካሁን እንደጠቆረ ነው። “መጣች” አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ ግድም አልሰጠው። ባልዲ በተንኳኳ ቁጥር ወደ ፊት ዘንበል ይላል።

ከአንቺ ተለይተን አውቶቡስ ላይ ስንወጣ ትኬት ቆራጩ “ቴአትሩ እንዴት ነበር ጌታው?” ብሎ ጠየቀው።

“ወለል ወልዋይዋ አንደኛ ናት። ሌሎቹም እየቆዩ ይሻሻላሉ” አለው።

በቀጣዩ ቀን ጠዋት ልብሱን ለብሶ በር ላይ አገኘሁት። “ወዴት ነው?” ስለው “ወደብ ወርጄ ለሰዎቹ ልንገራቸው” አለኝ። ብቻውን ወርዶ አያውቅም ነበር እኮ፣ ከጦርነቱ ወዲህ።

ቤላ


ለንደን፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1958

ለአክስቴ ለቤላ፤

ብቻሽን የምታነጂው እሳት ይሙቅሽ። አጎቴን ከቀበርነው ሁለተኛው ክረምት መጣ። ደብዳቤ ስጀምር አሁንም ለሁለት ሰው እጽፍና አንዱን እሰርዛለሁ።

ስቱዲዮው አምና ተሸጠ፤ ውሌም አብሮት ሞተ። ሚስተር ፔልሃም አሁን ለቴሌቪዥን የሳሙና ማስታወቂያ ይሠራል አሉ። እኔን የረሳኝ ሕዝብ እሱን ማወቁንም እንጃ።

ባለፈው ፌብሩዋሪ፣ ቴአትር ስንጨርስ አንድ ወጣት ልብስ መቀየሪያ ክፍሌ መጣ። ኮሊን ማርሽ ይባላል፤ የመጀመሪያ ፊልሙን ሊሠራ ነው። ባሏ በባሕር የቀረባትና ቤቷን አለቅም ያለች የአሣ አጥማጅ መበለት ታሪክ ነው። “ይህችን ሴት ሁኚልኝ” አለኝ። አላመንኩትም፤ ግን ሄድኩ።

ቀረጻው በሚጀመርበት ቀን ከአንድ ሰው ጋር አስተዋወቀኝ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአነጋገር አስተማሪ! የሰሜን ሰው አነጋገር ሊያስተምረኝ ከለንደን የመጣ።

“ሚስ ዶድስ፣ አነጋገርዎ ትንሽ ጥርት ይላል። ተመልካቹ ሰሜናዊት መሆንዎን እንዲያምን ሻከር ያድርጉት” ብሎ ራሱ አሳየኝ። አክስቴ፣ እንደዚያ የሚናገር ሰው ሺልድስ ውስጥ ብታገኚ ሐኪም ትጠሪለት ነበር።

ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ጠፋ። “ኮሊን፣ አንድ ጊዜ የባላባት ልጅ ለመሆን አትበቂም ተባልኩ። አሁን ደግሞ የአሣ አጥማጅ መበለት ለመሆንም አልበቃ አልኩ? እንደምናገረው ነው የምናገረው። ካልሆነ ኮፍያዬ ያውና” አልኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ነበር። ሠላሳን አልፌያለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም። ኮሊን እኔን አየ፣ አስተማሪውን አየ።

“የመመለሻ ባቡርዎ ስንት ሰዓት ላይ ነው?” ብሎ አስተማሪውን ጠየቀው።

ቀረጻው አለቀ። ድምፁ በተሠራበት ዕለት ሳይጠሩኝ ሄጄ ከመስታወቱ ጀርባ አየሁ። ማንም አልነበረም። አሁን ሌላ ሥራ ስለያዝኩ ሺልድስ ሲታይ አልደርስም። አንቺ ሂጂና እንደሆነው ጻፊልኝ። መጥፎም ከሆነ ጻፊው።

ኔል


ሰሜን ሺልድስ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1959

ለኔል ዶድስ፤

ምን ብዬ እንደምመርቅሽ ጠፍቶኛል። ጤናውን ብቻ አያጓድልብሽ።

ትናንት ከፔጊ ጋር ሄድኩ። ወጣቱም ሽማግሌውም መጥቶ አዳራሹ ጢም ብሏል። ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ኮቴን አስቀመጥኩ። አንዱ ጎረምሳ መጣና “እማማ፣ ሰው አለው?” አለኝ። “አለው” አልኩት። ኮቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄዶ ግድግዳው ሥር ቆመ።

መጀመሪያ ሰዉ ፊቱን አጥቁሮ ነበር። አልፈርድባቸውም። እንደ እኛ የሚናገር ሰው ሸራ ላይ ከወጣ ወይ ሰካራም ነው ወይ ገረድ ናት፤ ሁልጊዜም ሊስቁብን ነው የሚያመጡን። እጃቸውን አጣጥፈው መቼ ነው የምትሰድበን ብለው ይጠብቃሉ።

ከዚያ ወጥ ቤቱ መጣ። ጀርባሽን ሰጥተሽ ሳህን ታጥቢያለሽ። ነፋስ ገብቶ መጋረጃውን አነሳው። አንቺ ዞር እንኳ ሳትዪ፣

“ማነው ደግሞ ያን በር ሳይዘጋ የገባው?” አልሽ።

ፔጊ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ “እኔ አይደለሁም ኔል! እኔ ዘግቼዋለሁ!” አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፔጊ ቀልቧ ሲመለስ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወንበሯ ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! “ለዚያ ለአከራዩ እንዳትከፍቺለት!” ይልሻል አንዱ። “ልጁ እያሳለ ነው እኮ፣ ሙቅ ነገር ስጪው!” ትልሻለች ሌላዋ። የሲኒማ ቤቱ ዘበኛ ባትሪውን እያበራ “ጸጥታ! ጸጥታ!” እያለ ወዲያ ወዲህ ቢራወጥ ማን ሰምቶት። ኋላ ላይ ሳየው እሱም ደረጃው ላይ ተቀምጦ “ግባ በይው እንጂ፣ ዝናብ እየመታው ነው” ይልሽ ነበር።

ፔጊ አሁን እዚሁ አጠገቤ ሻይዋን እየጠጣች ነው። በሩን መዝጋቷን እንድጽፍልሽ ትጨቀጭቀኛለች። ይኸው ጽፌያለሁ።

አክስትሽ ቤላ